በዓይን የማይታዩት የገበሬው ረዳቶችና ጠላቶች

ገበሬዎች ሆይ! ከብታችሁን በመልኩና በአረማመዱ ታውቁታላችሁ፤ ማሳችሁንም ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ለክታችሁታል። የጎተራችሁን እህልና የጓሯችሁን አትክልት ሌላ ሰው ሊቈጥርላችሁ አያስፈልግም። ነገር ግን በዚሁ በገዛ ማሳችሁ፣ በገዛ በረታችሁና በገዛ ማጀታችሁ ውስጥ፣ እናንተ ሳታዩአቸው ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ፍጡራን አሉ። አንዳንዶቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ በሬውን ከቀንበሩ፣ ስንዴውን ከአውድማው የሚነጥቁ ጠላቶች ናቸው። ረዳቱን ከጠላቱ ለይቶ ያላወቀ ሰው ረዳቱን ሊያባርር፣ ጠላቱንም በገዛ እጁ ሊያራባ ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ፍጡራን ምን እንደ ሆኑ፣ በምን እንደሚኖሩና እንዴት እንደሚበዙ ማወቅ ለገበሬ ከሞፈርና ከቀንበር ያላነሰ መሣሪያ ነው።

ሕይወት ያለው ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው

የድንጋይ ቤት ከብዙ ድንጋይ ተደርድሮ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሕይወት ያለው ነገርም ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድሮ የተሠራ ነው። የጤፍ ቅጠል፣ የበሬ ሥጋ፣ የሰው ቆዳ፣ የባቄላ ሥር ሁሉም የሕዋሳት ክምችት ናቸው። ይህን በመጀመሪያ ያየው ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1665 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ስስ የቡሽ ቍራጭ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች እንዳየ ገለጸ፤ ሕዋስ በአውሮጳ ቋንቋዎች የተሰየመበትም ስም «ትንሽ ክፍል» ማለት ነው።

የሕዋስን አሠራር ለመረዳት የአንድን ገበሬ ግቢ ማሰብ ይበቃል። ግቢው አጥር አለው፤ ሕዋስም ስስ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የሚጠቅመውን ምግብና ውሃ ያስገባል፤ ቆሻሻውን ያስወጣል፤ ከሌላውም ብዙውን ይከለክላል። በግቢው ውስጥ እሳት የሚነድድበት ምድጃ አለ፤ በሕዋስም ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች ምግቡን ከአየር ከሚገኘው ኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ኀይል ያወጡለታል። ግቢው የሚመራው አባወራ አለው፤ ሕዋስም ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለው። በዚህም ውስጥ ዲ ኤን ኤ የተባለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር መመሪያ ተቀምጧል። የሆለታ ድንች ድንችን፣ ነጭ ጤፍም ነጭ ጤፍን የሚያፈራው ይህ መመሪያ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተገለበጠ ስለሚተላለፍ ነው።

የተክል ሕዋስ ከእንስሳ ሕዋስ የሚለይባቸው ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ ከስሱ ሽፋን ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ያለው መሆኑ ነው፤ አገዳ ያለ አጥንት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ግድግዳና በውስጡ በሚሞላው ውሃ ነው። ማለዳ ቀጥ ብሎ የነበረ የጎመን ቅጠል በቀትር የሚጠወልገው፣ ውሃው የጎደለ አቍማዳ እንደሚጨማደድ፣ ሕዋሶቹ ውሃ ስላነሳቸው ነው። ሁለተኛው፣ በአረንጓዴ ቅጠል ሕዋስ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች መኖራቸው ነው። እነዚህ የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራሉ። እኛ የምንበላው እህል ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ውሃ በሕዋስ ሽፋን ውስጥ የሚመላለስ መሆኑን ማወቅ በብዙ ሥራ ይጠቅማል። ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ተነካክቶ ሲቀበር ቡቃያው የሚቃጠለው፣ ማዳበሪያው ከሕዋሶቹ ውሃውን ስለሚስብ ነው፤ ስለዚህ በዘሩና በማዳበሪያው መካከል ጥቂት አፈር ይግባ። ጨው የተነሰነሰበት ቋንጣ የማይበሰብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሊያበሰብሱት የሚመጡት ረቂቃን ውሃቸውን ተነጥቀው መራባት ያቅታቸዋል።

ባንድ ሕዋስ ብቻ የሚኖሩት

በሬ እጅግ ብዙ ሕዋሳት አሉት። ነገር ግን መላ አካላቸው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡራን አሉ። እነዚህን ካዩት ሰዎች ቀዳሚው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ አገር ሰው ነው። የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ መነጽሩን በገዛ እጁ እየሞረደ ይሠራ ነበር። በ1676 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ረቂቅ ፍጡራንን ማየቱን ለለንደን ሊቃውንት ማኅበር ጻፈ። ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በጥንቃቄ በመመልከት ብቻ ይህን ታላቅ ነገር ለዓለም አስታወቀ።

የእነዚህ ረቂቃን ዓይነት ብዙ ነው። ለገበሬ ግን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃዋል።

1ኛ/ ባክቴሪያ። ይህ ኒውክለስ የሌለው፣ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው፤ የዘር መመሪያው በሕዋሱ ውስጥ ያለ ክፍል ይቀመጣል። አንድ ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር በቢሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ወተትን የሚያረጋው ባክቴሪያ ነው፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባም ከባክቴሪያ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው።

2ኛ/ ፈንገስ። ሻጋታ፣ እርሾ፣ እንጕዳይና የስንዴ ዋግ የዚህ ወገን ናቸው። ሕዋሳቸው ኒውክለስ ያለው ነው፤ አረንጓዴ ቅንጣት ግን የላቸውምና ምግባቸውን ራሳቸው ሠርተው አያገኙም። ስለዚህ ከሞተ ነገር ወይም ከሕያው ተክልና እንስሳ ይወስዳሉ። ብዙዎቹ የሚራቡት ስፖር በሚባል፣ እንደ ዱቄት በነፋስ በሚበተን ዘር ነው።

3ኛ/ ቫይረስ። ይህ ከባክቴሪያም እጅግ ያንሳል፤ ራሱም ሕዋስ አይደለም። በሽፋን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ብቻ ነው። ብቻውን አይበላም፣ አያድግም፣ አይራባም። ወደ ሕያው ሕዋስ ሲገባ ግን፣ ወደ ሰው ግቢ ገብቶ አባወራውን አስሮ ቤተ ሰቡን ለራሱ እንደሚያሠራ ሽፍታ፣ ሕዋሱን የራሱን ልጆች እንዲሠራ ያስገድደዋል። አፍተግር፣ የዶሮ ፈንግልና የእብድ ውሻ በሽታ ከቫይረስ የሚመጡ ናቸው።

እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ የባክቴሪያው መድኃኒት ቫይረሱን አይገድለውምና ነው። በፈንግል ለሚያልቁ ዶሮች የሚገዛ የባክቴሪያ መድኃኒት የፈንግሉን ቫይረስ አይነካውም፤ ገንዘቡም ከዶሮው ጋር ይጠፋል።

አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የባክቴሪያ ኀይሉ በብዛቱ ነው። ባክቴሪያ ወንድና ሴት ሳይል ከመካከሉ ተከፍሎ ሁለት ይሆናል። ሙቀት፣ ምግብና እርጥበት ከተመቸው አንዳንዱ ዓይነት በ20 ደቂቃ ያህል አንድ ጊዜ ሊከፈል ይችላል።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በወተት እንመልከተው። ከጧቱ 12 ሰዓት በታለበ ወተት ውስጥ ከላሚቱ ጅራት አንድ ባክቴሪያ ወደቀ እንበል። በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 8 ይሆናል። በ2 ሰዓት 64፣ በ3 ሰዓት 512፣ በ4 ሰዓት 4,096 ይደርሳል። በዚሁ አኳኋን ከቀጠለ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ያ አንዱ ባክቴሪያ 2,097,152 ሆኗል። በእውነቱ ደግሞ ከቆሻሻ እጅ፣ ከዕበት ወይም በደንብ ካልታጠበ ጀሪካን የሚገባው አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሺህ ነው። የገዢው ማኅበር ወተታችሁን ተበላሽቷል ብሎ ሲመልሰው፣ ጥፋቱ የተጀመረው ጧት በማለቢያው አፍ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚገኙት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ሲጀመር የሚገባውን ቍጥር መቀነስ ነው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጡቷን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ዕቃውን ታጥቦ በፀሐይ እንዲደርቅ ማድረግ። እናቶቻችን ዕቃውን በወይራ ጢስ የሚያጥኑት ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጢሱ ረቂቃኑን ያዳክማል። ሁለተኛው፣ መከፈላቸውን ማዘግየት ነው። ባክቴሪያ በቅዝቃዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ ወተቱ ያለበትን ዕቃ በጥላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ገበያ አድርሱት።

ለቤተ ሰብ የሚጠጣ ወተት ግን ይፈላ። የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ የሚባለው፣ ላምን የሚያስወርድ፣ ሰውንም ለረጅም ጊዜ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ላይ የሚጥል በሽታ ካልፈላ ወተት ይተላለፋሉ። ላሚቱ ጤነኛ መስላ መታየቷ ዋስትና አይሆንም። ወተቱ መርጋቱም እነዚህን በሽታዎች ለመግደል አይታመንበትም። እርጎ የሚፈልግ ሰው ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ፣ ከደህና እርጎ ጥቂት ጨምሮ ያርጋው።

ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ረዳቶች

የጤፍ ሊጥ የሚቦካው በእርሾው ውስጥ ባሉት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ነው። እርሾው የሊጡን ስኳር ሲበላ ጋዝ ያወጣል፤ የእንጀራ ዓይን የሚባለው ይህ ጋዝ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ ነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ አሲድ ይሠራሉ፤ የእንጀራው መኰምጠጥ ከዚህ ነው። ሊጡ ሲኰመጥጥ ብዙዎቹ ጐጂ ባክቴሪያዎች በውስጡ መራባት ይሳናቸዋል። ስለዚህ ያለፈው ቡኮ እርሾ ሲቀመጥ፣ በብዙ ቀን ሥራ የተመረጡ ሠራተኞች ለሚቀጥለው ቡኮ ይተላለፋሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ረዳት በባቄላ ሥር ይኖራል። ከአየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ለእህል ትልቅ ምግብ ሲሆን፣ ተክል ግን ከአየሩ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ሥር ገብተው ትንንሽ እባጭ ይሠራሉ፤ በእባጩም ውስጥ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደሚስማማ ምግብ ይለውጡታል። ተክሉ በፈንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። ዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ፋብሪካ በብዙ እሳትና ወጪ ከዚያው ከአየር ይሠራዋል፤ ባክቴሪያው ግን በገዛ ማሳችሁ ውስጥ ያለ ጭስ ይሠራዋል። አያቶቻችን ስንዴን ከባቄላ በኋላ መዝራት መልካም እንደ ሆነ ያወቁት ይህን ፍሬ በዓይናቸው አይተው ነው።

ረዳቶቹ በሥራ ላይ መሆናቸውን ለማወቅ፣ ባቄላው ሲያብብ ጥቂት እግር በመቆፈሪያ ቆፍራችሁ አውጡ፤ በእጅ ብትነቅሉት እባጮቹ በአፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን በውሃ አጥባችሁ እባጩን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ቀላ ያለ ወይም ሮዝ መልክ ካለው ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ግን እየሠራ አይደለም። ጤነኛው እባጭ በጣት ሲነካ ከሥሩ በቀላሉ ይላቀቃል። የማይላቀቅና ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ግን የሥር ትል ጉዳት ሊሆን ይችላልና ለልማት ሠራተኛው አሳዩት።

እባጭ ከሌለ ወይም ካነሰ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚገኘውን የራይዞቢየም ሕያው ማዳበሪያ መጠቀም ይቻላል። ይህ ግን እንደ ዩሪያ የሞተ ነገር አይደለም፤ ሕያው ፍጡር ነውና ጥንቃቄ ይሻል። የባቄላው ለሽምብራ አያገለግልም፤ ለየሰብሉ የተመደበውን ጠይቁ። የአገልግሎት ዘመኑን ተመልከቱ። ከፀሐይና ከእሳት አርቁት። ዘሩን በጥላ ሥር ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ አርሳችሁ፣ ዱቄቱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ለውሱት፤ ወዲያው ዝሩ፤ በአፈርም ሸፍኑ። በዚያው ማሳ ዩሪያ አታብዙ፤ ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ባክቴሪያውን አይፈልገውምና እባጭ አይሠራም። አፈሩ ኰምጣጣ ከሆነም ባክቴሪያው ይቸገራል፤ ያን ጊዜ በባለሙያ ምክር ኖራ መጨመር ይረዳል።

ሦስተኛው ረዳት በኮምፖስት ክምር ውስጥ ይሠራል። ዕበት፣ ገለባና አረንጓዴ ቅጠል ተደራርቦ ሲከመርና ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ፣ ባክቴሪያዎቹ ሲበሉት ክምሩ ይሞቃል፤ ሙቀቱም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሙቀት ብዙ የአረም ዘርና የበሽታ ጀርም ይገድላል። በክምሩ መካከል ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ብትመዝዙትና ብትነኩት ሥራውን ይነግራችኋል። ትኩስ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛና የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ አየር አንሶታልና አገላብጡት።

ጠላቶቹ

ከጠላቶቹ ሁሉ በተለይ አባ ሰንጋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ በሽታ የሚደርሰው ጉዳት በብዙ ቦታ በገዛ እጃችን የሚመጣ ነውና።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በከብቱ ደም ውስጥ ይራባል። ከብቱ ትናንት ሲግጥ ውሎ ዛሬ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ሬሳው ቶሎ ይነፋል፤ እንደ ሌላው ሬሳ አይደርቅም፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጠቆር ያለ ደም ይወጣል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ቢላዋ አያንሣ!

ምክንያቱን እናስረዳለን። ባክቴሪያው በተዘጋ ሬሳ ውስጥ እንዳለ፣ ሬሳው ሲበሰብስ አብዛኛው ይሞታል። ሬሳው ሲታረድ ወይም ሲገፈፍ ግን ደሙ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያው ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ ስፖር ይሆናል። ስፖሩ አይበላም፣ አይራባም፤ ደረቅ ዘር በጎተራ እንደሚቆይ ሁሉ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይቆያል። ይህን የስፖር ነገር ሮበርት ኮኽ የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1876 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አስረድቷል። ኋላም በ1942 እንግሊዞች በስኮትላንድ አጠገብ ባለችው ግሩናርድ በምትባል ደሴት ላይ ለጦር መሣሪያ ሙከራ የአባ ሰንጋ ስፖር ስለ በተኑ፣ ደሴቲቱ ከ40 ዓመት በላይ ለሰው ተከለከለች። በ1986 አፈሯ ፎርማልዴሃይድ በሚባል መርዝ ከታጠበ በኋላ፣ በ1990 ነፃ መሆኗ ተነገረ። እንግዲህ አንድ ሬሳ በግጦሽ መሬት ላይ የገፈፈ ሰው ለልጆቹ ምን ዓይነት ዘር እንደሚዘራላቸው ያስብ።

አንድ ገበሬ በሬው ሲሞትበት የቤቱ ግማሽ እንደ ፈረሰ እናውቃለን። ሥጋውን ለጎረቤት ሸጦ፣ ቆዳውንም አውጥቶ ጥቂት ገንዘብ ለመመለስ ማሰቡ ከችግር የመጣ ነው፤ ስለዚህ አንነቅፈውም። ነገር ግን ያ ገንዘብ የሚመጣው ከጎረቤት ሕይወት ነው። ሬሳውን የነካ ሰው ቆዳው ላይ መሐሉ የሚጠቁር ቍስል ሊወጣበት ይችላል፤ ሥጋውን የበላም በጽኑ ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። መቀቀሉና መጥበሱ ስፖሩን ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ቍስሉ የታየበት ወይም ሥጋውን የበላ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜው ከታከመ ሊድን ይችላል።

ሬሳው ሳይከፈት፣ ውሻና አሞራ ሳይደርስበት፣ ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። በእርሱ ምክር ይቃጠል፤ ወይም ከ2 ሜትር ባላነሰ ጕድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ በራቀ ቦታ ይቀበር። ደም የነካው ሣርና አፈር አብሮ ይግባ። ቦታውም ይታጠር፤ ከብት አይሰማራበት።

ሁለተኛው ጠላት ዋግ ነው። ይህ ፈንገስ በሕያው ስንዴ ሕዋስ ውስጥ ሥር ሰድዶ፣ ለፍሬው የሚሄደውን ምግብ ይበላል፤ ስፖሩም በነፋስ ከአገር አገር ይጓዛል። ቢጫው ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ሆኖ፣ የአገዳ ዋግ ደግሞ በአገዳው ላይ ቀይ ዳማ ዱቄት ሆኖ ይታያል። ዋግ የዘር መመሪያውን እየለወጠ፣ ትናንት ያልቻለውን የስንዴ ዝርያ ዛሬ ሊያጠቃ ይችላል። ለምሳሌ ዲጋሉ የተባለው ስንዴ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በብዙ ገበሬ ተዘርቶ ሳለ፣ በ2013 እና በ2014 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በባሌና በአርሲ አዲስ ዓይነት የአገዳ ዋግ አጠፋው። ስለዚህ አንድ ዝርያ ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ሳይዘራ በራሱ የበቀለውን ስንዴ ንቀሉ፤ ማሳችሁን በየጥቂት ቀኑ ተመልከቱ፤ ምልክቱ እንደ ታየም ለልማት ሠራተኛው አስታውቁ። መድኃኒቱ የሚረዳው ገና ሲጀምር ነው።

ሦስተኛው ጠላት በጎተራ ውስጥ ያለው ሻጋታ ነው። በእርጥብ በቆሎና በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጐዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይሠራል። ሻጋታው ቢጠረግም፣ እህሉ ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን በወተቷ ታስተላልፋለች። ስለዚህ «ሰው ባይበላው ለከብት ይሁን» ማለት ስሕተት ነው። እህሉን በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ አድርቁ። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ከትታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ወዝውዙ፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ጎተራ አይግባ።

ክትባትና መድኃኒት አንድ አይደሉም

የእንስሳ አካል ጀርምን የሚዋጉ ሕዋሳት በደሙ ውስጥ አሉት። እነዚህ ወታደሮች ጠላትን አንድ ጊዜ ካወቁት ዳግመኛ ሲመጣ ፈጥነው ይነሡበታል። ክትባት ማለት የተዳከመ ወይም የሞተ ጀርም አስቀድሞ አሳይቶ ወታደሮቹን ማሠልጠን ነው። በ1881 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በሕዝብ ፊት ይህን አሳየ። ከፊሎቹን በጎች ከትቦ ከፊሎቹን ተወ፤ ቀጥሎም ለሁሉም የአባ ሰንጋ ጀርም ሰጣቸው። የተከተቡት ቆመው ሲታዩ፣ ያልተከተቡት በጎች በጥቂት ቀን ውስጥ አለቁ።

አገራችንም የክትባትን ጥቅም በመከራ አውቃዋለች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ክፉ ቀን፣ የከብት ደስታ የተባለው የቫይረስ በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው የባሰ ነበር፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ረኃብም ተከተለ። ያ በሽታ ግን በብዙ አገሮች የክትባት ዘመቻ ድል ተደርጎ፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ የእንስሳት ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባቱ ግን በሽታው ከገባ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። ከቀዝቃዛ ሣጥን ያልወጣ፣ በፀሐይ የዋለ ክትባት ኀይል የለውምና አትቀበሉ።

መድኃኒት ደግሞ የታመመውን ለማዳን ነው። ፔኒሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ባክቴሪያን ይገድላሉ። ታዘው የተሰጡት ቀኖች ሳይፈጸሙ መርፌው ቢቋረጥ ግን፣ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሞተው ብርቱዎቹ ይቀራሉ፤ የሚራቡትም እነርሱ ናቸው። ውሎ አድሮ መድኃኒቱ ለከብትም ለሰውም የማይሠራ ይሆናል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ይህን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከገበያ በጆንያ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ መርፌ አትግዙ፤ ባለሙያ ያዘዘውንም እስከ መጨረሻው ስጡ።

መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት አልረጋ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ ወደ ወተቱ አልፎ የእርጎውን ባክቴሪያ ስለሚገድለው ነው። እርጎን የከለከለ መድኃኒት ልጅም አብሮ እየጠጣው መሆኑን አስቡ። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቱ አይጠጣ፣ አይሸጥም።

ለልማት ሠራተኞች

የማይታየውን ነገር በቃል ብቻ ማስተማር ያስቸግራል። ስለዚህ በማሠልጠኛው ማእከል ይህን ቀላል ሙከራ በገበሬዎች ፊት አድርጉ። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶችን በውሃ ቀቅሉ። የፈላ ወተት ከነትኩሱ በሁለቱም እኩል ጨምራችሁ ክደኑ። ለብ ሲል በአንዱ ውስጥ ግማሽ ማንኪያ እርጎ ጨምሩ፤ ሌላውን አትክፈቱ። ሁለቱንም ባንድ ሞቃት ቦታ አኑሩ። በማግስቱ አንዱ ረግቶ ሌላው ወተት እንደ ሆነ ሲታይ፣ «ወተቱን ያረጋው ጊዜ ነው ወይስ የገባበት ነገር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ገበሬዎቹ ራሳቸው ይስጡ። ያልከፈታችሁትን ግን ለመጠጥ አትስጡ። ቀጥሎም ወደ ባቄላ ማሳ ወስዳችሁ ሥሩን አሳዩ።

ገበሬዎች ሆይ! እንግዲህ ይህን ያዙ። ማለቢያውን አጥባችሁ፣ ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ። የባቄላውን ሥር ሳታዩ ዩሪያ አትጨምሩ። እህሉ ሳይደርቅ ጎተራ አይግባ። ከብታችሁን በጊዜው አስከትቡ። በድንገት የሞተውን ከብት አትክፈቱ። ይህን ላላነበበው ጎረቤታችሁ ንገሩት፤ ጀርም የአንዱን አጥር ከሌላው አይለይምና፣ የአንዱ ጥንቃቄ ለሁሉ ይተርፋል።